እጃችን አይገባም

አሁንም ቢሆን አላርምም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት መካኒኩ ያለውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ስሠራ ከሰው አፍ ያልወጣ ቃል ወረቀት ላይ አስፍሬ አላውቅም። ጄኔራሉ አጣመው ካነበቡ እኔ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየር ኃይላችን ተዋጊ ጄቶች አርጅተው ስለነበር በምን እንተካቸው የሚል ኮሚቴ ተቋቋመ። መጨረሻ ላይ ሁለት ዓይነት ጄት ቀረበ። አንደኛው ወፍራም፣ አጭር፣ ሲያዩት የማያምር። ሁለተኛው ሸንቃጣ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ዓይን የሚያፈዝ። ኮሚቴው ገና ሳይሰበሰብ ልቡ በሁለተኛው ጠፍቷል። የዋናው መካኒካችን ልጅም እንደዚያው። አብራሪ ናት፤ የሚመረጠውን ጄት መጀመሪያ ይዛ የምትነሳው እሷ ናት።

አባቷን ግቢው ሁሉ «አካፋ» ነው የሚለው። መዳፉን ያየ ለምን አይል! ሰላም ሲልሽ እጅሽን እስከ አንጓው ይውጠዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ያልተወው አንድ ልማድ አለው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት በባትሪ አብርቶ ማየት አይበቃውም፤ ክንዱን ሞተሩ ውስጥ ከትቶ እያንዳንዱን ማሰሪያ በጣቱ ይዳስሳል። ለምን ሲሉት «ዓይኔን አላምነውም» ይላል።

ሁለቱን ጄቶች ሲፈትሽ ዋለና ስብሰባ ላይ አስተያየቱን ተጠየቀ። ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ሁለተኛው እጃችን አይገባም» ብሎ ቁጭ አለ። በቃ። ሰውየው ከብሎን ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። እኔም ጻፍኩ።

ሰብሳቢው ጄኔራል የዚያን ቀን አልነበሩም። በማግስቱ ሲያነቡት ክው አሉ። «እጃችን አይገባም? ሻጮቹ ሊከለክሉን ነው ማለት ነው? ይህን ምስጢር መካኒክ ከየት አመጣው?» ወዲያው የደኅንነት መኮንኑ ተጠራ፣ አካፋም ተጠራ፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከማን ሰሙ?» አለ መኮንኑ።

«ሰምቼ አይደለም፣ ልነካ ሞክሬ ነው።»

«ማንን?»

«የነዳጅ ቱቦውን።»

«ውስጥ ሰው አለዎት?»

«ኧረ ሰው ቢገባማ ምን ችግር ነበር! እኔ ክንዴ እንኳ አልገባ ብሎኝ ነው።»

መኮንኑ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። እኔ ሳቄን ስይዝ እንባዬ መጣ። ነገሩ ሲገባቸው ጄኔራሉ ባሰባቸው። «ለእጅ ብለን ነው እንዴ ጄት የምንመርጠው? ቀጭን ሰው እንቀጥራለን! ደግሞስ ምን ሆኖ ነው የማይገባው?» ብለው ወደ ሃንጋሩ ገሰገሱ። እዚያ ሻጮቹ ፊት፣ የአካፋ ልጅም ፊት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሁለተኛው ጄት ሞተር ውስጥ ከተቱ።

ገባ። «ይኸው!» አሉ። አልወጣም እንጂ።

የሻጮቹ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። የጄኔራሉ ሹፌር ወገባቸውን ይዞ ቢስብ «ቀስ በል አንተ! ክንዴ ነው፣ ገመድ አይደለም!» ብለው ጮኹበት። በመጨረሻ አካፋ ሳሙና በጥብጦ መጣና እንደጠበበ ቀለበት እያሟለጨ አወጣላቸው። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላቸው ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «የሰብሳቢው እጅ ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው?

ወፍራሙ ተመረጠ። ልጅቷ ግን አባቷን አኮረፈች። «አንተ ለእጅህ ስትል እኔ በርሜል ላብርር?» አለችው፣ እኔ እየሰማሁ። አካፋ መፍቻውን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ። በኋላ ቢሮዬ መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እኔ እኮ የሚያምረውን ጠልቼ አይደለም። እናቷ የለችም፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ያልዳሰስኩት ነገር ውስጥ ልጄን አስገብቼ መዝጋት አልቻልኩም። ፈራሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አባትና ልጅ ወር ተኩል ሳይነጋገሩ የመጀመሪያው በረራ ቀን ደረሰ። ሁላችንም ሜዳ ወጣን። ልጅቷ የራስ ቁሯን ደፍታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። የሻጮቹ ባለሙያ በባትሪ አይቶ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ፈርሟል። አካፋ ግን ክዳኑን አስከፈተና ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። ቆም አለ። ተመልሶ ዳሰሰ።

«መፍቻ አምጡልኝ» አለ።

ከቱቦው ጀርባ፣ ባትሪ በማይደርስበት በኩል፣ አንዲት ማሰሪያ ላልታ ነበር። ባለሙያው ፊቱ ነጣ። አካፋ አጠበቃት፣ እንደገና ዳሰሳት፣ ክንዱን አወጣ። ልጅቷ ከላይ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። ቁሯን አወለቀችና ወደ ታች ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ እጅህ ገባ?»

በዘይት የጠቆረ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳያት። «ገባ፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ልሂድ» አለች።

ሄደች። እኔ አላፍርም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። አካፋ ጨርቅ ቢሰጡት አልቀበልም ብሎ፣ ያንን ጥቁር እጁን እንደዘረጋ አንጋጦ ቆመ። የጠረገው ተመልሳ ጎማዋ መሬት ሲነካ ነው።