ከአማርኛ ወደ አማርኛ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ሎሚ በማደል ነው። ማንም አላዘዘኝም።

ከዚያ በፊት ዳባት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቼ ነበር። የተማሪ ፋይል፣ ትራንስክሪፕት፣ መሸኛ፣ ማኅተም፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ከከተማው ወጣ ብሎ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ሲከፈት፣ አንድ የረድኤት ድርጅት ልጆቹን ከትምህርት ቤትና ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ ፈለገ። መደቡ “የትምህርት አገናኝ” ይባላል። ቤት መዋል ሰልችቶኝ ስለነበር አመለከትኩ።

ቃለ መጠይቁን ያደረገልኝ አስተባባሪው ናትናኤል ነው። ከጎንደር የመጣ፣ ልጄ የሚሆን ትሑት ወጣት። ትግርኛ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ባለቤቴ አዲ አርቃይ ሱቅ ከፍቶ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጠን ስለነበር “በመጠኑ” አልኩት። መጠኑ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሰኞ ጠዋት ሰማያዊ ሰደርያና አንድ መዝገብ ተሰጠኝ። ሥራዬ ሃያ ሦስት ልጆችን ከመጠለያው ወስጄ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ነበር። በሩ ላይ አንዲት እናት ጠጋ ብለው “ሎሚ ኣሎ ድዩ?” አሉኝ። ወዲያው ሌላዋም ያንኑ ጠየቁኝ፤ ሦስተኛዋም። የዳባት ብርድ ለለመደውም ይከብዳል፤ ሁሉም ጉንፋን ይዟቸዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። “ይመጣል፣ አታስቡ” አልኳቸው። ልጆቹን ካስመዘገብኩ በኋላ ገበያ ወጥቼ ሎሚ ገዛሁና አሰልፌ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አደልኩ። በጨዋነት ተቀበሉኝ። በማግስቱም እናቶቹ ያንኑ ጠየቁኝ፤ እኔም ያንኑ አደልኩ።

በአራተኛው ቀን ትግርኛ የሚያውቅ አንድ የሒሳብ መምህር ወደ ጎን ወሰደኝ። “እትዬ ዘይነባ፣ በትግርኛ ሎሚ ማለት ዛሬ ማለት ነው። ዛሬ ትምህርት አለ ወይ ነው የሚሉዎት” አለኝ። ለናትናኤል ሄጄ ተናዘዝኩ። እሱ ግን ሎሚውን በሳምንታዊ ሪፖርቱ ላይ “የሥነ ምግብ ድጋፍ” ብሎ አስገብቶታል፤ ከላይም አመስግነውናል። ለሁለታችንም የሚበጀው ዝም ማለት ነበር።

ከሃያ ሦስቱ አንዷ ሰምሃር ናት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ከሰንዓፈ የመጣች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ሌሎቹ ልጆች አማርኛን ቃል በቃል እየለቀሙ ሲንገዳገዱ፣ እሷ በሦስተኛው ሳምንት አፏን ከፈተችና ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መጠለያው ውስጥ ያኔ መብራት አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ደረስጌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሲደክሙ ልጃቸው ቤት የመጡ። ሰምሃር ትምህርት ቤት ከመግባቷ ወራት አስቀድማ ጀምራ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ በየቀኑ እሳቸው ዘንድ ትሄዳለች። ስልኩ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱን ሰዓት መሪጌታ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ያስተምራሉ። ልጅቷ አማርኛን ከእሳቸው በቀር ከማንም አልተማረችም።

ስለዚህ ማስመሪያ ስትዋስ እንኳ አጠገቧ ያለውን ልጅ “ወንድሜ፣ ማስመሪያዎን ለአንድ አፍታ ቢያውሱኝ፣ በእንተ ስማ ለማርያም” ትለዋለች። ልጁም ኪሱን ፈትሾ ቆሎ ይሰጣታል። እግሯን የረገጣትን “እግዜር ይፍታዎ” ብላ ታልፋለች። በሴቶቹ የኳስ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ ነበር የምትጫወተው። ሌሎቹ “አቀብዪኝ” ብለው ሲጮኹ፣ እሷ “እኅቴ፣ እባክዎ ወዲህ ያቀብሉኝ” ብላ እስክትጨርስ ኳሱ መስመር አልፏል።

ስሟ በአንድ ሳምንት ውስጥ “መምሬ” ሆነ። ያወጣችላት ገነት የምትባል የቡድኑ አጥቂ ናት፤ ምላሷ ስለታም፣ ሳቋ እስከ ሰልፍ ሜዳው የሚሰማ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በመስኮት ቆሜ ስቄያለሁ። አንድ ሰኞ ግን ሰምሃር ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ “ይባርኩን” አላት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ማክሰኞ አልመጣችም፤ ረቡዕም አልመጣችም።

ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ወንበሩን ለቀውልኝ እሳቸው ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ሰምሃር ስታለቅስ አገኛታለሁ ብዬ ነበር፤ ምስር እየለቀመች አገኘኋት።

“እትዬ ዘይነባ፣ እኔ ቋንቋውን የተማርኩት ከሰው ነው” አለችኝ። “ሰው እንዲህ የሚናገር መስሎኝ ነበር። አሁን አፌን ስከፍት ይስቃሉ፤ ስዘጋው ደግሞ መምህራኑ ደካማ ናት ይላሉ። የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝና እሱን ልያዝ።”

በዚህ ሥራ የመጀመሪያው የከፋኝ ቀን ያ ነው። ከእሷ ጋር ምስሩን ለቀምኩና ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ጉዳይ መጣብን። ድርጅቱ ለትምህርት ቤቱ አራት ተጨማሪ ክፍል ሊሠራ አቀደ። ቦታው ግን ከአጥሩ ጀርባ ያለው የወል ግጦሽ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ካልፈቀዱ አይሠራም። ርዕሰ መምህሩ አቶ መልካሙ በግልጽ ነግረውናል፤ ክፍሎቹ ካልተሠሩ በመጪው መስከረም አዲስ የስደተኛ ተማሪ አንድም አይቀበሉም፤ የሚያስቀምጡበት የላቸውም።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠራ። በአንድ በኩል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሌላ በኩል የስደተኞቹ እናቶች ተቀመጡ። ለእናቶቹ ወደ ትግርኛ የሚተረጉም ሰው ያስፈልግ ነበር። የኔ ትግርኛ እስከ ሎሚ ድረስ ስለሆነ፣ የሒሳብ መምህሩም በዚያ ቀን ስላልነበረ ሰምሃርን ለምኜ አመጣኋት። ገነትና ጓደኞቿ ለእንግዶቹ ውሃ ያዞራሉ።

ናትናኤል ተነሳ። ጥሩ ልብ አለው፤ ችግሩ ስብሰባ ፊት ሲቆም አማርኛው ይጠፋበታል። ሶሻል ኮሄዥንን ለማጠናከር ስቴክሆልደሮች ወደ ትምህርት ቤቱ ገብተው ኦውነርሺፕ መውሰድ እንዳለባቸው አስረዳ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ፈንቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የገነት አያት ናቸው፤ ሰፈሩ የሚሰማቸው ሰው።

“ስንት ናቸው?” ብለው ጠየቁ።

ናትናኤል ምኖቹ እንደሆኑ አልገባውም።

“እኒህ ይገባሉ ያልሃቸው። ስደተኞቹን ተቀብለናል፣ ቤተሰብ ሆነናል። ሌላ ሕዝብ ደግሞ ሊመጣ ከሆነ ቁጥሩን ንገረን።”

ናትናኤል፣ የዋህ ነውና፣ ስቴክሆልደሮቹ ብዙ መሆናቸውን፣ እንዲያውም ተለይተው ገና እንዳላለቁ ነገራቸው። ጉምጉምታ ተነሳ። አቶ መልካሙ ሊያድኑት ፈልገው፣ ባለድርሻ አካላት ማለቱ ነው አሉ።

“ድርሻቸውን ሊወስዱ ነዋ” አሉ አቶ ፈንቴ፣ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው። “ከግጦሹ ላይ ነው የሚካፈሉት።”

ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊሄዱ ተነሱ። ናትናኤል ወረቀቱን ያገላብጣል። እኔ ሰደርያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህ መሐል ሰምሃር ከእናቶቹ መካከል ብድግ አለች።

“አባቶቼ፣ ሳይፈቀድልኝ መነሳቴን ይቅር ይበሉኝ” አለች። “እኒህ ወንድማችን ክፉ አልተናገሩም። የሚመጣ ሕዝብ የለም። ስቴክሆልደር የሚሉት እናንተን ነው፣ እኒህን እናቶች ነው፣ እኛንም ነው። ኦውነርሺፕ ያሉት ደግሞ፣ ቤቱ ሲሠራ የኔ ነው ብላችሁ ጠብቁት ለማለት ነው። የሚሠራው አራት ክፍል ነው። ቦታውም በምሥራቅ ያለው ድንጋያማው ጥግ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ሣር አያበቅልም። ካልተሠራ ግን በመስከረም ታናናሾቻችን በር ላይ ይቀራሉ።”

ስለ ድንጋያማው ጥግ ናትናኤል አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። የተነሱት ሁለቱ ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ ፈንቴ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት።

“የማን ልጅ ነሽ? አነጋገርሽ የደረስጌ ነው።”

“አይደለም አባቴ። አገሬ ሰንዓፈ ነው። ስደተኛ ነኝ።”

አቶ ፈንቴ በበትራቸው ናትናኤልን አመለከቱ።

“ታዲያ ይሄ ከየት ነው የመጣ?”

“ከጎንደር ነው” አልኳቸው።

“ጎንደር እንዲህ ርቋል?” አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

ስብሰባው ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ናትናኤል አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሰምሃር መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ከአማርኛ ወደ አማርኛ፣ ቀጥላ ለእናቶቹ ወደ ትግርኛ ታደርሳለች። ሽማግሌዎቹ በሁለት ነገር ተስማሙ፤ ከብት የሚያልፍበት መንገድ እንዲተው፣ ከእንግዲህም ስብሰባ ሲጠራ “ይቺ ልጅ” እንድትኖር። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሁ ተጽፏል።

መጨረሻ ላይ አቶ ፈንቴ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቋት። ማቋረጧን ነገረቻቸው። ለምን ሲሏት መሬት መሬት አየች። ገነት የውሃ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ነበር፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ሰምሃር ስም አልጠራችም። እኔም አልጠራሁም።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው ግን በእኔም በሽማግሌዎቹም ምክንያት አይደለም። መሪጌታ ማቋረጧን ሰምተው ቻርጀሩን ደበቁባት። ትምህርት ቤት ያልዋለ ሰው ስልክ እዚህ ቤት አይሞላም አሏት። ሁለት ቀን ተቋቋመች። በሦስተኛው ቀን ክፍል ገባች።

ገነት ይቅርታ አልጠየቀቻትም፤ ቢያንስ እኔ አልሰማሁም። የሆነውን ልናገር። የሴቶቹ ቡድን ደባርቅ ሄዶ ሊጫወት ነበርና አቶ ፈንቴ የልጅ ልጃቸውን አልፈቅድም አሉ። ገነት ለመነች፣ አለቀሰች፣ ምሳ ተወች፤ አልሆነም። ቅዳሜ ጠዋት ሰምሃርን ይዛ አያቷ ቤት ሄደች። ሰምሃር ስለ ጤናቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቃ፣ በስተመጨረሻ ስለ ደባርቅ አነሳች። አቶ ፈንቴ ፈቀዱ፤ ለመንገድ ስንቅም ጨመሩ።

ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ከወላጁ ፈቃድ የፈለገ ሁሉ ሰምሃርን ይዞ ይሄድ ጀመር። አንዱ ሳንቃ በር ድረስ ለሽርሽር ለመሄድ፣ አንዷ ፀጉሯን ለመቆረጥ፣ አንዱ የወደቀበትን የፊዚክስ ውጤት ለአባቱ ለማስነገር። “መምሬ” የሚለው ስም አልቀረም፤ ግን አሁን የሚጠራት ሰው እየሮጠ ነው የሚመጣው። ናትናኤል እንኳ ንግግሩን አስቀድሞ ለእሷ ያነብላታል። ትምህርቷን እንዳይጎዳ ብዬ አማላጅነቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ገደብኩት።

ኪሳራም ነበረው። ከልጆቹ ጋር በዋለች በሦስት ወሯ መሪጌታ ቢሮዬ ድረስ በእግራቸው መጡ። ደንግጬ ወንበር ሰጠኋቸው።

“ልጄን አበላሻችኋት” አሉኝ። “ትናንት ስልኳን አንስታ ስትወጣ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‘ፋዘር፣ ይመችህ።’”

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሰምሃር እስካሁን ሁለቱንም ትናገራለች፤ የትኛውን ለማን እንደምትጠቀም አንዳንዴ ይምታታባታል፤ አቶ መልካሙን አንድ ጊዜ “ብሮ” ብላቸዋለች። አራቱ ክፍሎች ተሠርተው ልጆች ይማሩባቸዋል። እሷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለፈተናው እየተዘጋጀች ነው።

በቅርቡ አሮጌ ፋይሎች ሳስተካክል የሰምሃርን የመመዝገቢያ ቅጽ አገኘሁ። “አማርኛ” በሚለው መስመር ላይ በእኔ እጅ “ደካማ” ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ቃል ሳላነጋግራት ነው። ሃያ ሦስቱንም እንዲሁ ነበር የሞላሁት፤ የቀሩትን ልጆች ምን ያውቁ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ቅጹን ከመሙላትህ በፊት ልጁን ግማሽ ሰዓት አነጋግረው።