ፎርጅድ ያልነበረው ፓምፕ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ስናገር ግን ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አቃቂ በሰቃ ውስጥ እጄን የማያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው። አንድ ቀን ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሮጌ ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። ከሰፈራችን የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከብዙነሽ፣ ጉልበተኛ የነዳጅ ፓምፕ ገዝተዋል። «ልጄ፣ ኦሪጅናል ሽቦውን እንዳትነካብኝ» አሉኝ። ኦሪጅናል ሽቦው የተቆረጠ መኪና እኛ ጋ ገዢ አያገኝም፤ ስጋታቸው ይገባኛል። «አይነካም ጋሼ፣ በራሱ ሽቦ ይሠራል» አልኳቸው። አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው የበለጠ ኮረንቲ ይስባል፤ ያ ቀጭን ሽቦ ይችለዋል ወይ ብዬ አየሁ? አላየሁም። አፌ ከእጄ ቀደመ። ፓምፑን በነበረው ሽቦ ገጥሜ ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ፣ ጭነው ወደ ቃሊቲ ሲወጡ፣ ሞተሩ መንገድ መሀል ጠፋባቸው። ከኋላ የነበረው ከባድ መኪና ለጥቂት ነው የሳታቸው። ተጎትተው ሲመጡ ለካሁት። ባትሪው ደህና ነው፤ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ኮረንቲ ግን ጎዶሎ ነው። ሽቦውን ብነካው አቃጠለኝ። ያኔውኑ አወቅሁ፤ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን ቀጭኑን ሽቦ ያላየሁት የእኔ ነው። ሾፌሮች ከበውናል፣ ጋሽ ቶሎሳ «ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል።

«ፓምፑ ፎርጅድ ነው» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አብረን ሱቋ ሄድን። ብዙነሽ ደነገጠች። «ሳላውቅ ነው ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱ ካለ ነው፣ እሱ አይሳሳትም» አለቻቸው። ሌላ ፓምፕ ሰጥታቸው የመጀመሪያውን ለእኔ «ወስደህ ጣልልኝ» አለችኝ። ፓምፑን ከእጇ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ስገጥም ከባትሪው ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌ በሚባለው የኮረንቲ ማብሪያ አድርጌ ሳብኩለት፤ ምንጣፉ ሥር ደበቅሁት። ኦሪጅናሉ ሪሌውን ለማስነሳት ብቻ ቀረ እንጂ አልተቆረጠም። ከመጀመሪያውስ እንዲህ ማድረግ ማን ከለከለኝ? መኪናው ተፈተለከ። ሾፌሮቹም «ይኸው፣ ያኛው ፎርጅድ ነበር» አሉ። ጥሩ ሥራዬ ለውሸቴ ምስክር ሆነ። ወሬው ተዛመተ፣ ደንበኞቿ ሸሿት፣ ሱቁን ዘግታ ኮዬ ፈጬ ገባች። አሁን ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች አሉ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልበል? ያን ቀን ሌላ መኪና አልነበረኝም። ተሳስቼ ነበር፤ ስህተቴን ላለማመን የሰው ስም አጠፋሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ አልፈልግለትምም።

ጣልልኝ ያለችኝን ፓምፕ አልጣልኩትም። ወፍራም ሽቦ ስቤ የራሴ መኪና ላይ ገጠምኩት፤ አንድም ቀን አስቁሞኝ አያውቅም። ቅዳሜ ጋሽ ቶሎሳን አሳፍሬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ያኔ ያልኩት ውሸት እንደነበር በእሳቸው ፊት እናገራለሁ፤ ይቅር ባትለኝ አልፈርድባትም። ኮዬ ፈጬ የሚያደርሰኝም ያው የእሷ ፓምፕ ነው።