አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ

ልጅ ሳለሁ ንፋስ መውጫ ላይ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የሚጠግነው ሬዲዮ ጠጋኙ አባቴ ነበር። ማጉያው አሮጌ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሲበሩ የሚቀሉ የብርጭቆ አምፖሎች ተደርድረውበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን ኃይል አስተካክሎ ለሌሎቹ የሚያቀብለው ትልቁ አምፖል ነበር። አዲስ ተጠይቆ አልመጣም፤ አባቴ ከተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ገጠመለት። እንደ ጋለ አጥፍቶ ወዲያው ማብራት እንደሚያቃጥለው ለቀበሌው ሊቀመንበር ደጋግሞ ነግሮታል።

ለእኔ የነገረኝ በተረት ነው። ያኔ አመሻሽ ላይ ማጉያውን ሞክሮ ያጠፋና፣ የመበየጃ ብረቱ የሚግልበት ፍም ጥግ ላይ እየጤሰ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይተርትልኛል። ጅብ የደረሰባት አህያ «ቆይ፣ ኑዛዜዬን ልጨርስ» ትላለች። አባቴ ብርጭቆውን በጣቱ ጀርባ ይነካና ገና ካልቀዘቀዘ አህያዋ ሌላ ወራሽ ታስታውሳለች። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ከጎንደር ትልቅ ካድሬ መጣና ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። አባቴ ውጭ ጄኔሬተሩ ጋ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ፣ ከማጉያው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ንግግሩ ሊጀመር ሲል ማጉያው ፉጨት አሰማ። ሊቀመንበሩ ደንግጦ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና አጠፋው፤ ወዲያው መልሶ አበራው። አምፖሉ ብልጭ አለ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ከዚያ ጭጭ።

«አሻጥር ነው!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባቴ እየሮጠ ገባና አምፖሉን አየ። «ጓድ፣ ይኼን እንደ ጋለ አጥፍቶ ያበራው ሰው አለ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ እዚሁ ነበርሽ። ማብሪያውን የነካ ሰው አይተሻል?»

አባቴ አየኝ። እኔ የሊቀመንበሩን ወገብ፣ ሽጉጡን አየሁ።

«አላየሁም» አልኩ።

አባቴ በአሻጥር ተከሶ ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ከረመ። የለቀቁት ንጹሕ ነው ብለው አይደለም፤ የመስከረሙ የአብዮት በዓል ደርሶ ማጉያውን የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ስንት ጊዜ ለምኖ ያጣው አምፖል ያኔ በሦስት ቀን ከጎንደር መጣ። ጠገነው። ሊቀመንበሩም በዚያው ማጉያ ስለ ፍትሕ ተናገረበት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዛሬም እጄን እጠላዋለሁ።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ፤ አድጌ፣ ለትምህርት ልሄድ ስሰናበተው።

«አይተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እንኳን ነገርሽኝ» አለና ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ።

ይህን የሰማ ሁሉ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታደርጊ ይለኛል። ልጅ መሆኔን አውቃለሁ። አባቴ ግን በዚያ አዳራሽ ከእኔ ሌላ ምስክር አልነበረውም።