የኪሱ ጥልፍ

አባቴ ቆቦ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ከቦንዳ የወጣ ልባሽ ሸሚዝ ሊያስጠብብ ወይም ሊያሳጥር የሚመጣ ሰው፣ ከመለካቱ በፊት አንድ ነገር ይጠብቀዋል፤ አባቴ ልብሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ያስነብባል። «ሰው የማያውቀውን ነገር ደረቱ ላይ ለጥፎ ገበያ አይወጣም» ይላል። አንድ ጊዜ የቢራ ስም ያለበትን ካናቴራ ለአንድ ዲያቆን ገልብጦ ሰፍቶለታል።

አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ማንም የማይጠቀምባቸውን ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ እሸመድድ ነበር። ሰውን በመስኮት መወርወር ማለት የሆነ ቃል ሳይቀር አውቅ ነበር፤ ቆቦ ውስጥ ለዚያ የሚበቃ ፎቅ የት እንደነበረ እንጃ። ገበያተኛው «የልብስ ሰፊው ልጅ እኮ እንግሊዝኛውን ጨርሳዋለች» ሲል እሰማና ደስ ይለኛል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ለራሱ ነጭ ሸሚዝ ገዛ። ኪሱ ላይ በአረንጓዴ ክር አንድ ቃል ተጠልፎበታል።

«በይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ይቺስ ምን ትላለች?» አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ቃሉን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አላውቀውም ማለት ሞት መሰለኝና «ለጋስ ማለት ነው» አልኩ። ፊቱ በራ። በዚያ ሳምንት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ስለነበር «ለማኅበሩ እለብሳታለሁ» አለ።

ለበሳት። ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ጨዋታ ሲጀመር፣ ጎረቤታችን ይዞት የመጣ አንድ የዋጃ አስተማሪ ኪሱን እያየ ፈገግ አለ። አባቴ አድናቆት መሰለው።

«ለጋስ ማለት ነው፤ ልጄ ናት ያነበበችልኝ» አለው ደረቱን ነፍቶ።

«ኧረ አባቴ፣ ሆዳም ማለት ነው» አለ አስተማሪው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ቤቱ ሰማው። አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ አየኝ። ያኔ የገባው ይመስለኛል። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «እሷማ ልክ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ከሌላ ሸሚዝ ጋር ያምታታሁት። አይ ያልተማረ ሰው!» አለ። ሰዉ ሳቀበት። «አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሲገባኝ ጎንበስ ብዬ ጠላ ቀዳሁ። ዛሬም ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ፣ በዚያች ሰዓት በልቤ እፎይ ማለቴ ነው።

በነጋታው ጥልፉን በምላጭ እየለቀመ ፈታው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ማስነበቡንም አልተወም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ልብስ ሲሰጠኝ «ካወቅሽው ንገሪኝ» ይላል። ድሮ «ካወቅሽው» አይልም ነበር።

አሁን ጎብዬ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ አገኘዋለሁ። ክሩ ቢወጣም መርፌው የበሳው ቀዳዳ አልተደፈነም፤ ቃሉን ለሚያውቅ ሰው ዛሬም ይነበባል። አቅፌ ስስመው አነበዋለሁ፤ ያን ቀን አላውቀውም ነበር ብዬ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።