ስም የዋጠ ትዕዛዝ

ከልጅነቷ ጀምሮ ተጠያፊ ናት። እህቷ የጠጣችበትን ብርጭቆ ደጋግማ ሳታለቀልቅ አትነካም፤ ወጥ ውስጥ ፀጉር ካየች የዚያን ቀን ምግብ በቃት። እናቷ «አንቺን የሚያገባሽ የሳሙና ፋብሪካ ያለው ሰው መሆን አለበት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ያገባችው ግን የፍሳሽ መኪና ሾፌር ነው፤ የሰው ሽንት ቤት ሲሞላ ተጠርቶ የሚሄድ፣ ቱቦ ዘርግቶ የሚመጥ። ዘመድ አዝማዱ ጉድ አለ፣ እናቷም አኮረፉ። እሷ «እንደ እሱ እጁን የሚታጠብ ሰው አላየሁም» ብላ ጸናች።

የምትሠራው በአንድ የውሃ ምርምር ተቋም የኅትመት ክፍል ነው። ተመራማሪዎች የጠቀሷቸውን ጽሑፎች ዝርዝር በፋይል ይልኩላታል፤ የደራሲ ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ። ያን አጽድታ ለኅትመት ማብቃት የእሷ ፈንታ ነው። የሚላክላት ነገር ያልታጠበ ሳህን ነው። አንዱ የደራሲውን ስም ገልብጦ ይጽፋል፣ ሌላው ነጠላ ሰረዙን እንደ ዝንብ ያለቦታው ያሳርፋል፣ ሌላው ከሰው ጽሑፍ ሲገለብጥ የዚያን ሰው ስህተት እንዳለ ይዞ ይመጣል። «የተማረ ሰው አፉን ሳይጠርግ ከማዕድ ይነሳል?» ትላለች ለብቻዋ።

ዱሮ ይህን ሁሉ እንደ ቅማል አንድ በአንድ ትለቅመው ነበር። የገላገላት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለው ዘዴ ነው። ዘዴው የሚፈልገው አንድን ቃል ሳይሆን የአጻጻፍን መልክ ነው። «ቅንፍ፣ ከዚያ አራት አሃዝ፣ ከዚያ ነጥብ» ብለው ካዘዙት፣ እንዲህ ያለውን መስመር ሁሉ ከፋይሉ ለቅሞ በአንዴ ይቀይረዋል። ትዕዛዙ ላየው ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ለእሷ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር። አንዴ ስትወለውለው ፋይሉ ፏ ይላል። ባሏ ማታ «ዛሬስ ስንት ጉድጓድ ጠረግሽ?» ሲላት ትስቃለች።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ገጽ በገለጠ ቁጥር ጣቱን የሚልስ ሰው ነው፤ እሱ የነካውን ወረቀት በጥፍሯ ጫፍ ነበር የምታነሳው። የተቋሙን ጥናቶች ሁሉ የሚዘረዝር ማውጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታተም ነው።

«ይኸውልሽ፣» አለ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ የወንዝ ጥናት ክፍልን ስመራ በነበረበት ጊዜ የወጡት ጥናቶች ላይ ስሜ የለም።»

«እርስዎ አልጻፏቸውማ።»

«መርቻለሁ። መምራት መጻፍ ነው። ስሜን ከፊት አስገቢው። ያ የምትሠሪበት ነገር በጅምላ ይቀይራል አሉ፣ ቶሎ ያልቃል።»

ከእነዚያ ጥናቶች አብዛኞቹ የጋሼ ወንዙ ናቸው። ጋሼ ወንዙ የሚሏቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዞሩ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው የውሃ ከፍታ ሲለኩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሞተው ገና መቃብራቸው አልደረቀም።

ዳይሬክተሩ ከወጣ በኋላ በቅጂ ላይ ልሞክረው ብላ ትዕዛዙን ጻፈች። ለምን እንደሞከረችው ራሷም አታውቅ፤ ምናልባት የእጅ ልማድ ይሆናል። ቁልፉን ስትጫን መስመሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተቀየሩ። የዳይሬክተሩ ስም ከጋሼ ወንዙ ስም ፊት ተሰልፎ ቆመ። አንድ ትርፍ ነጥብ የለ፣ የሳተ ባዶ ቦታ የለ። እንዲህ የጠራ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ቅጂውን አጥፍታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፤ ቁርሷንም እዚያው አስመለሰችው።

ፊቷን ታጥባ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች።

«አላደርገውም፤ ይቅርታ።»

«ምነው፣ እጅሽ እንዳይቆሽሽ ነው?»

«ሞክሬው ቆሽሿል። አይደገምም።»

«እኔ እኮ ሰው ግደይ አላልኩሽም!»

«ሰውየውማ ሞተዋል። አሁን የቀራቸው ስማቸው ነው።»

ሳቀ፤ ወደ በሩም አመለከታት። በማግስቱ ኮምፒዩተሯን ለጥገና ባለሙያው ሰጡት፤ ባለሙያው ያለውን ሁሉ ደምስሶ ለሌላ ሥራ አዘጋጀው፣ ያስቀመጠቻቸው ቅጂዎችም አብረው ሄዱ። እሷን እንግዳ መቀበያ አስቀመጧት። ማውጫውን ባለሙያው «እኔ እችለዋለሁ» ብሎ ተረከበ።

ማታ ለባሏ ስትነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ የምመጠውን አውቀዋለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣» አለ። «አንቺ በባዶ እጅሽ ነው የገባሽበት።»

ማውጫው በሚያብረቀርቅ ሽፋን ታትሞ ወጣ። የሥራ ባልደረቦቿ እየተሽቀዳደሙ ዳይሬክተሩን እንኳን ደስ አለዎት አሉት። ጋሼ ወንዙ ጋር ጭቃ ያቦኩ ሰዎች ሳይቀሩ እጁን ለመጨበጥ ተሰለፉ። እሷ ከመቀበያው ሆና ያን የሚላስ ጣት ሲጨብጡ አየች፤ ከዚያ ወዲያ ማንኛቸውንም ስትጨብጥ መዳፏ ይኮሰኩሳት ጀመር።

የጋሼ ወንዙ ባለቤት መጡ። ለልጆቻቸው አንድ ማውጫ ሊወስዱ ነው። መቀበያው አጠገብ ቁጭ ብለው በመነጽር ገጹን ያገላብጡ ጀመር።

«ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፤ ዓይኔ ነው መሰል። የሱን ስም አጣሁት።»

ተቀብላ አየች። የዳይሬክተሩ ስም ከፊት መግባቱን ታውቃለች፤ ይህን ግን አልጠበቀችም። ባለሙያው «ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ ‹እና› ያለውን በዳይሬክተሩ ስም ቀይር» ብሎ አዝዞ ኖሯል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ካልገደቡት ሆዳም ነው፤ በመጀመሪያው «እና» አይቆምም፣ የመጨረሻውን እስኪያገኝ በመንገዱ ያለውን ስም ሁሉ ይውጣል። አራት ሰው የጻፈው ጥናት ላይ ዳይሬክተሩና የመጨረሻው ሰው ብቻ ቀርተዋል። ጋሼ ወንዙ ሁሌም ከሌሎች ጋር ሠርተው ፊት ይጻፉ ስለነበር ከሁሉም ጠፍተዋል።

«ዓይንዎ ደህና ነው እማማ፣» አለች። «ስማቸውን ፍቀውታል።»

ሴትዮዋ «ቤት ሽፋናቸው ላይ ስሙ ያለባቸው የጥናቶቹ መጻሕፍት አሉኝ» ብለው ተነሱ። እሷም አልተቀመጠችም፤ አብራቸው ሄደች። መጻሕፍቱን ተሸክመው ከነማውጫው የቦርድ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፏቸው።

ዳይሬክተሩ ተጠራ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «የማሽን ስህተት ነው፣ እኔም ተጎጂ ነኝ፤ ስሜን ያለፈቃዴ ነው ያስገቡት!» አለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው። ሰብሳቢው ማውጫው እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ስለ ዳይሬክተሩ ግን ትንፍሽ አላሉም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ከፍተኛ መሥሪያ ቤት ተሹሞ ሄደ። ለሽኝቱ ኬክ ተቆረሰ፣ ጭብጨባው ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። «ነይ እንጂ፣ ኬክ ብዪ!» ብለው ሲጠሯት «ያቅለሸልሸኛል» አለች። እርግዝና መስሏቸው እንኳን ደስ አለሽ አሏት።

ወደ ቦታዋ መለሷት። ባለሙያው የመጀመሪያውን ፋይል ሳያስቀር ስለ ቀየረ የሚመለስበት ቅጂ የለም፤ የተዋጠውን ስም የሚመልስ ትዕዛዝ ደግሞ በየትም አገር የለም። የታተሙትን ጥናቶች ከመጋዘን እያስወጣች፣ አቧራቸውን በጨርቅ እየጠረገች፣ ስም በስም መልሳ ጻፈች። ሽፋናቸው ለተቀደደው ጡረታ የወጡትን ተመራማሪዎች በስልክ አፈላለገች።

«እናቴ፣ በዚህ የጎርፍ ጥናት ላይ እርስዎ ሁለተኛ ነበሩ ወይስ ሦስተኛ?» ብላ አንዷን ጠየቀቻቸው።

«ጎርፉ ጫማዬን መውሰዱን ነው የማስታውሰው፣» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ፣ «ሁለተኛ ነኝ። ጋሼ ወንዙ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ» አሉ።

እንዳሉት ጻፈችው።