ቀጥቃጩ የሠራው ባሌስትራ

ስለዚያች መኪና የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ከኔ የሚሰማው ፍጥነቷን ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ስንለቃት አቧራው እስክንመለስ አየር ላይ ይቆየን ነበር እያልኩ ጨመርመር አድርጌ አወራለሁ፤ ሰውም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ስለ ባሌስትራው ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ ሳትሰማው ሞተች። አሁን የምጽፈውም ደፋር ሆኜ አይደለም፣ ከዚህ በላይ ይዤው መኖር ስላቃተኝ ነው።

ጣሊያን ሶዶ ከገባ አንድ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሠላሳ ወይም ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። ቡናና ቆዳ የሚነግድ አንድ ግሪክ ቤት በመካኒክነት ተቀጥሬ ነበር። ሰውዬው ሁለት የጭነት መኪኖች ነበሩት፤ ልቡ ግን ያለው ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ አንዲት ትንሽ መኪና ላይ ነው። መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች በወር አንድ እሑድ መኪናቸውን ይዘው ይሰበሰቡና ሁምቦ ወርዶ ለመመለስ ይሽቀዳደማሉ። አንደኛ ለወጣ አንድ ሣጥን ወይን ይሰጡታል፣ መጨረሻ በወጣው ደግሞ ወሩን ሙሉ ይስቁበታል። ግሪኩ መሳቂያ ከሚሆን ሞቱን ይመርጥ ነበር። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ መንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ካለ ወርጄ የምጠግነው እኔ ነኝ።

ከአንዱ እሑድ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ የእኔ ነበር። ሁምቦ ደርሳ የተመለሰች መኪና መኪና አትመስልም። ራዲያተሯ ያፈሳል፣ ጎማዎቿ በእሾህ ተበሳስተዋል፣ ያልላላ ቡሎን አይገኝባትም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቢጠብቁት ስለማይደርስ በእጄ ያለውን እጠቀማለሁ። ውሃ የሚያፈሰውን መጋጠሚያ በእንሰት ቃጫ እጠቀጥቃለሁ፣ የሚንቋቋውን በር በቆዳ ቁራጭ አስራለሁ፣ እንዲህ እንዲያ እያልኩ መልሼ አቆማታለሁ። እና ልቤ አብጦ ነበር። ከኔ በላይ ላሳር የምል ሰው ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ግን የኋላ ባሌስትራዋ ተሰበረ። ባሌስትራ የመኪናዋን ጀርባ የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ በቃጫና በቆዳ የሚታለል ነገር አይደለም። ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ግሪኩ ገበያው ዳር ስለሚሠራ አንድ ቀጥቃጭ ሰምቶ ኖሮ፣ "ከአሮጌው የጭነት መኪና ብረት ፍታና ውሰድለት፣ በዚህች ልክ አሳጥሮና አቅጥኖ ይሥራው" አለኝ። "ደህና አድርጎ ከሠራልኝ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ዳስ እሰጠዋለሁ፤ ከእንግዲህ የመኪኖቼን ብረት እሱ ይሥራ። ይህንንም ንገረው።"

ይህ ለቀጥቃጩ ምን ማለት እንደነበረ የዛሬ ሰው ላይገባው ይችላል። በዚያን ጊዜ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻውንና ቢላዋውን ሁሉም ከሱ ይገዛል፣ ከሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ ግን የለም። ሰው ቤት አይገባም፣ ደጅ ቆሞ ነው የሚያናግር። ወላይታውም፣ አያቶቻችን ከሰሜን የመጡት እኛ የከተማዎቹም፣ በሌላ በሌላው ባንስማማ በዚህ አንድ ነበርን። እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው በበር ግባና ከሰው ጋር ሥራ የተባለው። የግሪኩን ቃል ስነግረው መዶሻውን መሬት አስቀመጠና "ልጆቼም ይገባሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይገባሉ አልኩት።

አንድ ሳምንት ሙሉ እሱ ዘንድ ዋልኩ። ሰውዬው የአባቴ እኩያ ነው፤ እኔ ግን አንተ እለዋለሁ፣ እሱ ጌታዬ ይለኛል። ብረቱን ከፍም አውጥቶ ቀለሙን አይቶ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ያወጣዋል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። እኔ በልቤ ምን ይጃጃላል እላለሁ። በመጨረሻ ከገዛ ጓዳው ቅቤ አስመጥቶ አቀለጠና ብረቱን እዚያ ውስጥ ነከረው። ልጆቹ ያን ቅቤ ሲያዩት አይኔ ላይ አለ። ሚስቱ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል አድርጋ ስታመጣልኝ ጾም ነኝ አልኳት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሴትየዋ የምን ጾም ነው ሳትል ቅጠሉን ይዛ ተመለሰች።

ብረቱን ሲያስረክበኝ በዚያ አንተና አንቱ በሚደባለቅበት አማርኛው እንዲህ አለኝ፤ "ጌታዬ፣ ብረቱ አዲስ ነው። ሸክም ሲያገኝ ይተኛል፣ ሲተኛ ማሰሪያው ይላላል። አንድ ቀን ከነዱት በኋላ እንደገና ማጥበቅ ነው። ቅዳሜ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ አይልሃለሁ።" እሺ አልኩት። ወስጄ ገጠምኩት፣ ዓርብ ዕለት ከግሪኩ ጋር ሻንቶ ደርሰን ተመለስን። መኪናዋ እንደዚያን ቀን ተመችታን አታውቅም። ግሪኩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ሰኞ ለሰውዬው ዳሱን እንሠራለታለን" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ እናቴ አስጠነቀቀችኝ። "ነገ ሩጫ ነው፤ ዛሬ ያ ሰው እንዳያያት። ዓይኑ ካረፈባት አለቀላችሁ" አለችኝ። እኔ ሞተር ገጣጥሜ የማስነሳ ሰው፣ እጄ የትኛው ቡሎን ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው፣ ግቢው እንደደረስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ሸራ ፈልጌ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መሸፈን ሆነ።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው መጥቶ ቀጥቃጩ በር ላይ ቆሟል አለኝ። ወጣሁ። የታጠበ ኩታ ለብሷል።

"ማሰሪያውን አጠበቁት ጌታዬ?" አለኝ።

"አጥብቄዋለሁ" አልኩት። አልነካሁትም ነበር።

"አንድ ጊዜ ብቻ በእጄ ልንካው።"

"ሥራ አለብኝ፣ ሂድ" አልኩት።

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሲያይ በሸራ የተጀቦነችውን አያት። ገባው። አልተቆጣም፤ ዓይኑን ወዲያው መሬት ላይ ጣለና እንዳቀረቀረ ሄደ። ደግሞ እንዳይመለከታት ለእኔ ብሎ ነው ያቀረቀረው። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ብቻዬን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

እንግዲህ ከሄደ በኋላ ሸራውን ገለጥ አድርጎ የማሰሪያውን አራት ዳዶ ለማጥበቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግን ተመልሶ ቢመጣስ ብዬ ሳልገልጣት ዋልኩ። ፍርሃቱ ብቻም አይደለም። ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው መካኒክነት ሊያስተምረኝ ነው እንዴ የሚል ትዕቢት ሆዴ ውስጥ ነበር። እሑድ ጠዋት ሸራውን ስናነሳ ጣሊያኖቹ ሞተር አስነስተው ጡሩምባ እያሰሙ ነው፣ ግሪኩም ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቸኩሏል። ገባሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ቁልቁለቱን ሁለተኛ ሆነን እየወረድን ሳለ ከኋላ አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማሁ። ሰምቼ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። መኪናዋ ጭራዋን ወደ ጎን ጣለች፣ መንገዱን ለቀቀች፣ የሰው በቆሎ ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። ግሪኩ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ይቃትታል። እሱን ጎትቼ ካወጣሁ በኋላ ሥሯ ገብቼ አየሁ። ዳዶዎቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ወድቀዋል፣ የኋላው እግሯ ከቦታው ሸሽቷል። የቀጥቃጩ ብረት ግን ከእሳት በወጣበት ቀን እንደነበረው ነው፤ አልተሰበረም፣ አልተጣመመም፣ ስንጥቅ የሚባል የለበትም።

"ምንድን ነው የሆነው?" አለኝ ግሪኩ ጥርሱን ነክሶ።

ያኔ እውነቱን ብናገር በዚያው ቀን እንጀራዬ ተቆረጠ ማለት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ብረቱ ተሰበረ፤ የቀጥቃጩ ብረት" አልኩት። ጣሊያኖቹ ግሪኩን ጭነው ወደ ሶዶ ሲወስዱት እኔ መኪናዋን ልጠብቅ ቀረሁ። ብቻዬን እንደሆንኩ ባሌስትራውን ፈታሁ፤ የበቆሎውን አፈር በእጄ ምሼ ቀበርኩት።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ የቀጥቃጩ ዓይን ነው አለ። እኔ ቡዳ የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም፣ ይህን ለራሴ ስንት ዓመት እንደ ምስክር ሳቀርበው ኖሬአለሁ። ማውጣትም አላስፈለገኝም፣ ዝም ማለቴ በቂ ነበር። ግሪኩ በዓይን አያምንም፤ እሱ የሚያምነው በእኔ ነው፣ ብረቱ መጥፎ ነበር ስላልኩት የዳሱን ነገር ሰርዞ ሰውዬው በግቢው በር እንዳያልፍ አዘዘ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን በቀጥቃጩ በኩል ሳልፍ የደረደራቸው ማረሻዎች ፊት አንድም ሰው አልቆመም። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወደ ሥራ ስገባ ከበሩ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር።

"ጌታዬ፣ ብረቴን አሳየኝ" አለኝ።

"ተሰባብሯል፣ ጥለነዋል" አልኩት።

"ስብራቱን አይተሃል? ውስጡ እንዴት ነበር? እንደ ጨው የሚያብለጨልጭ ነው ወይስ እንደ አመድ ልስልስ ያለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ለካ ጥፋቱን ፍለጋ ነው የመጣው። እጁ የት ላይ እንደሳተ ሊያውቅ እንጂ እኔን ሊከስ አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው ስል ዘበኛው ከጀርባዬ መምጣቱን ሰማሁ፣ እና ከጨውና ከአመዱ አንዱን መምረጥ ስለነበረብኝ፣ "እንደ ጨው ነበር" አልኩት።

ሁለቱን እጆቹን ገልጦ መዳፎቹን አያቸው።

"እንግዲያው አቃጥዬዋለሁ" አለ። "እሳት አብዝቼበታለሁ። አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር።" ቀጥሎም እስከ ጉልበቱ ድረስ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፣ ይቅር በለኝ" አለኝ።

እኔም ዘበኛው እየሰማ፣ "ይቅር ለእግዜር" አልኩት።