ሳልሞክረው የሸጥኩት ማሞቂያ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ጃንዋሪ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ይኸው እስካሁን ስልክ ደውዬ ሰው ቶሎ ካላነሳልኝ እጄን ያልበኛል፣ መቀመጥ ያቅተኛል። ባለቤቴ «በሽታ ሆነብህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መካኒክ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የራሴ ትንሽ ንግድ አለችኝ። ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑ የተማሪ አውቶቡሶች የተነቀሉ የናፍጣ ማሞቂያዎችን እገዛና አድሼ እሸጣለሁ። ዕቃው የጫማ ካርቶን ያህላል። ናፍጣ እያቃጠለ የራዲያተሩን ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በጎማ ቱቦ እየዞረ አውቶቡሱን ያሞቃል። ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ገዢዎቼ አሮጌ አውቶቡስ ገዝተው ውስጡ አልጋና ማድ ቤት የሚያስገቡለት፣ ቤት አድርገው የሚዞሩበት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ፈረንጆች ስለሆኑ ጥያቄያቸው አያልቅም።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ገዢው ፊት ሳላስነሳው አልሸጥም። ባትሪ፣ የናፍጣ ጀሪካንና የውሃ ባልዲ አዘጋጅቼ ግማሽ ሰዓት አስነድደዋለሁ። ጭሱ መውጣት ያለበት በጭስ ማውጫው ብቻ ነው። በሌላ ቀዳዳ ካመለጠ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ እንደ መተኛት ነው። ያ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

ያን ቅዳሜ ማስታወቂያዬን አይተው ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰው መጡ። ጋሽ ተሾመ ይባላሉ። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ጡረታ ወጥተው አጭር የተማሪ አውቶቡስ ገዝተዋል። ልጆቻቸው አራት ስቴት ተበታትነው ስለሚኖሩ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጋር እየዞሩ ሊጠይቋቸው ነው ያሰቡት።

«የማንንም ቤት ሳናጨናንቅ፣ አልጋችንን ይዘን መሄድ ነው» አሉኝ፤ ሲናገሩ ፊታቸው በራ።

ባትሪውን ሳወጣ አዩኝ።

«ልትሞክረው ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ሳልሞክር አልሰጥም።»

«እሱን ለፈረንጅ አድርግለት። እኔ የሀገርህ ሰው ነኝ፣ ቃልህ ይበቃኛል።»

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው…»

«አላምንህም አልኩህ?» አሉና ቅር አላቸው።

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ድርቅ ብል ክብራቸውን የነካሁ መሰለኝ። ባትሪውን መልሼ አስቀመጥኩት። «የጋዝ ማስጠንቀቂያ አላርም ግን ይግጠሙ» አልኳቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉ፤ ሰው ነገሩን እንዲተውለት የሚፈልግ ሰው የሚለው ዓይነት እሺ ነው። ከዚያ ዛሬውኑ አልጋቸው ስር አስገጥመው ማታ እዚያው ከባለቤታቸው ጋር እንደሚያድሩ ነገሩኝ፤ መርቀውኝም ሄዱ።

እሁድ ጠዋት ለቸርች ለብሼ ጃንጥላ ፍለጋ የቤቴ ጋራዥ ገባሁ። ጃንጥላው አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ጋስኬት ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ሀገር ቤት ጓርኒሲዮን የምንለው፣ ጭስ እንዳያልፍ ክዳኑ ስር የሚገባው ማሸጊያ ነው። ለዚያ ማሞቂያ ብቻ ያዘዝኩት ነበር።

ቆሜ ሐሙስ ዕለት የሠራሁትን በሐሳቤ ደገምኩት። ማሞቂያውን ፈታሁ፣ ጥላሸቱን ፋቅሁ፣ ያረጀውን ጋስኬት ጣልኩ። ያኔ ባለቤቴ ሰናይት እራት ቀርቧል ብላ ጠራችኝ። ዓርብ ማታ እየተቻኮልኩ ብሎኖቹን አስሬ ዘጋሁት። አዲሱ እዚሁ ቀርቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልመሰለኝም።

ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግሜ ደወልኩ። ቴክስት ላክሁ፣ የድምፅ መልእክትም ተውኩ። ሰባት ጊዜ ሞክሬ አንዴም አልተነሳም።

ሰናይት «ቸርች ሄደው ይሆናላ፣ ሳይለንት አድርገውት ነው» አለችኝ። ፊቴን ስታየው ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች። «ናይን ዋን ዋን ደውል!»

«አድራሻቸውን አላውቅም፣ ምን ልበላቸው?» አልኳት።

ይህ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ፖሊስና አምቡላንስ አውቶቡሱን ከቦ እሳቸው ቁርስ ሲበሉ ቢገኙስ ብዬ ነው። ሁለት ሰው ገድያለሁ እያልኩ ስለ ሐፍረት አሰብኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ጋስኬቱንና የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ተነሳሁ። ቤልትዌዩ፣ የቀለበት መንገዱ፣ ባዶ ነበር፤ ቢሆንም አንዱን መስመር ትቼ ሌላው ውስጥ ስገባ፣ ያኛውን ትቼ ስመለስ ድልድዩን ተሻገርኩ። የመኪናዬን ማሞቂያ አጠፋሁት። ሙቀቱ አስጠላኝ። በየመሐሉ እደውላለሁ። አንዴ «ያንሱት እንጂ ጋሼ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

ጋሽ ተሾመ የነገሩኝ አውቶቡሱ ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ ጎማ ቤት ጓሮ እንደሚቆም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጎማ ቤት ጓሮ የለውም። ሁለተኛው ጓሮ ውስጥ አንድ የተሰባበረ ቫን ብቻ ቆሟል። ሦስተኛው ጋ ስደርስ አጭሩን አውቶቡስ አየሁት። ግማሹ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ግማሹ ገና ቢጫ ነው። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ጭስ አይወጣም። ናፍጣው እስኪያልቅ ሲነድ አድሮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በሩን አንኳኳሁ። መልስ የለም።

ደወልኩ። ስልኩ አውቶቡሱ ውስጥ ሲጮህ ሰማሁት። ይጮሃል፣ የሚያነሳው ሰው የለም። በቡጢ በሩን መደብደብ ጀመርኩ።

ጥሪው ድንገት ተቋረጠ። ስልኬን አየሁት፤ ከወዲያ በኩል ነው የተዘጋው። የሞተ ሰው ስልክ አይዘጋም።

ወዲያው ከውስጥ የሴት ድምፅ ተቆጣ። «ተሾመ፣ ወይ አንሳና ንገረው! እኔ ሰለቸኝ!»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተሾመ ካፖርትና ኮፍያ አድርገው ቆመዋል። ወይዘሮ አስካለ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይበርዳል።

«ምነው ልጄ፣ ደህና?» አሉኝ ጋሽ ተሾመ፣ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ።

«ለምን አያነሱም?» ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ከጩኸቱ ጋር እንባዬም መጣ።

መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ማታ አስነስተውት ነበር። ወይዘሮ አስካለ ወዲያው «ይሄ ነገር ያፍናል» ብለው አስጠፉት፤ መስኮት ከፍተው በብርድ አደሩ።

«ታዲያ አይደውሉልኝም?»

«እንዴት ብዬ ልደውል? አትሞክረው፣ አምንሃለሁ ያልኩህ እኔ። ሳያድር ደውዬ ዕቃህ አይረባም ልበልህ? ኮል ስታደርግ ደግሞ ያላነሳሁት እንዴት ሆነልዎ ልትለኝ ነው ብዬ ነዋ። ጥሩ ነው ብል ውሸት ነው፣ መጥፎ ነው ብል አንተን ማሳፈር ነው። ቴክስት እንደሆን ከልጆቼ በቀር የማንንም አልከፍትም።»

ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አንድ ቃል ጨመሩ። «አሮጌ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይጨስ ይሆናል ብዬ፣ ዛሬ ማታ መስኮቱን ገርበብ አድርገን ልንደግመው ነበር።»

ጋስኬቱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ጭሱ በየት እንደወጣ፣ ዛሬ ማታ ቢደግሙት ሁለቱም እንደማይነቁ ነገርኳቸው። ጋሽ ተሾመ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ከነቸርች ልብሴ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብሎኖቹን ፈታሁ። ጋስኬቱን አስገብቼ አስነሳሁት። ጭሱ በማውጫው ብቻ መውጣት ጀመረ፣ ውስጡም ቀስ በቀስ ሞቀ። አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ጋሽ ተሾመ «በቃ ሠርቷል፣ አንተም ቸርች አይለፍህ፣ ሂድ» አሉኝ።

«የትም አይሄድም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ፣ አላምንህም። ሲሞከር ግማሽ ሰዓት ነው ብሎኛል ተሾመ። ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ እዚሁ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

«አላምንህም» መባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሙሉውን ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሄጄ የጋዝ ማስጠንቀቂያውን ገዝቼ በገዛ እጄ ከራስጌያቸው በላይ ገጠምኩት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን ድሮ የክፉ ሰው አነጋገር አድርጌ ነበር የማየው። አሁን የሀገር ሰው መጥቶ «ቃልህ ይበቃኛል» ሲለኝ «ለእኔ አይበቃኝም» እለዋለሁ። ቅር ይበለው፤ ባትሪውን አገናኛለሁ። አንድ ሁለት ሰው ተቀይሞኝ ሳይገዛ ሄዷል። ደህና ይግባ።

ጋሽ ተሾመና ወይዘሮ አስካለ መንገድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ብርድ በገባ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ስልኩን ይዤ ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሳሎን እመላለሳለሁ። እሳቸውም ያውቁታል መሰለኝ፣ አሁን ሄሎ አይሉም፤ ገና አንዴ ሳይጠራ ያነሱና «አለን!» ይሉኛል። የምቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።